ኢሜይል የማይቀበል ሰርቨር ሠርቻለሁ፤ ከሲቪዬ ላውጣው?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄያለሁ። ኡቡንቱ ሊኑክስ ባለው የኪራይ ሰርቨር ላይ ፖስትፊክስ (ኢሜይል የሚልክና የሚቀበል ፕሮግራም) እና ዶቭኮት (ሳጥን ውስጥ የገባውን የሚያስነብብ ፕሮግራም) ጭኜ የራሴን የኢሜይል ሰርቨር ሠራሁ። የምልከው ይደርሳል፤ ከጂሜይል የሚላክልኝ ግን አይገባም። ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ዲማርክን ደጋግሜ አስተካከልኩ፤ ለውጥ የለም። በቅርቡ ለሲስተም አድሚኒስትሬተርነት የተግባር ፈተና አለብኝ። ፕሮጀክቱን ከሲቪዬ ላውጣው ወይስ ይቆይ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህታችን፣ ይቆይ። መመሪያ እያየ ፖስትፊክስና ዶቭኮት የሚጭን ተመራቂ ብዙ ነው። ቀጣሪ የሚቸገረው ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚመጣው ኢሜይል ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንገት ሲቆም፣ ሳይደናገጥ ችግሩ የት እንዳለ ለይቶ የሚነግረው ሰው ሲያጣ ነው። እጅሽ ላይ ያለው ሰርቨር ይህንኑ ጥያቄ አቅርቦልሻል። ከፈተናው በፊት መልሺው፤ እንዴት እንደመለስሽውም በጽሑፍ ያዢ።

አስቀድሞ ግን የምትፈልጊበትን ቦታ ቀይሪ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ፣ እንዲሁም ፒቲአር ሪከርድ፣ ሌሎች ሰርቨሮች ካንቺ የወጣ መልእክት ሲደርሳቸው የሚያዩዋቸው ማረጋገጫዎች ናቸው። ያንቺ ሪከርዶች ወደ አንቺ የሚመጣውን አይከለክሉም፣ አያስገቡምም። ለሚመጣው ኢሜይል ወሳኞቹ ሌሎች ናቸው፦ ላኪው ሰርቨር ያንቺን በዲኤንኤስ (የዶሜይን ስምን ወደ ሰርቨር አድራሻ በሚመራው ሥርዓት) ያገኘዋል፤ በፖርት 25 (ሰርቨሮች ኢሜይል በሚቀባበሉበት በር) ይገናኘዋል፤ ፖስትፊክስ ተቀባዩ የራሱ መሆኑን አይቶ መልእክቱን ይቀበላል፤ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ራሱ ያስቀምጠዋል ወይም እንዲያስቀምጠው ለዶቭኮት ያስረክባል። ሥራሽ መልእክቱ ከእነዚህ የትኛው ላይ እንደቀረ ማወቅ ነው።

ከጂሜይል ለራስሽ አንድ የሙከራ መልእክት ላኪ፤ በዚያው ጊዜ የሰርቨሩን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ከፍተሽ ተከታተዪ። በኡቡንቱ ቫር ሎግ ማህደር ውስጥ ሜይል ዶት ሎግ የሚባለው ፋይል ነው፤ በሬድ ሃት ቤተሰብ ሜይልሎግ ይባላል፤ ዴቢያን 12 ላይ ፋይሉን ካጣሽው በጆርናልሲቲኤል ታገኚዋለሽ። ከጂሜይል ሰርቨር የመጣ የግንኙነት መስመር ታየ ወይስ አልታየም? ይህ አንድ ጥያቄ ችግሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ካልታየ ዲኤንኤስ ወይም ኔትወርክ ላይ ነሽ፤ ከሚያዳምጥበት አድራሻ በቀር የፖስትፊክስን ቅንብር መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ከታየ ደግሞ ዲኤንኤሱን ተዪው፣ ሥራውን ሠርቷል።

መስመሩ ካልታየ የዶሜይንሽ ኢሜይል ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ ከሚናገረው የዲኤንኤስ መስመር፣ ከኤምኤክስ ሪከርዱ፣ ጀምሪ። ዲግ በተባለው ትእዛዝ ስትጠይቂ መልሱን ከዶሜይንሽ ዋና የስም ሰርቨር በቀጥታ አምጪ፤ አለበለዚያ ቲቲኤሉ (መልሱ ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ) ያላለቀ አሮጌ መልስ ሊያሳስትሽ ይችላል። ቲቲኤሉ 86400 ሰከንድ ከሆነ አሮጌው መልስ አንድ ሙሉ ቀን ይኖራል። ኤምኤክስ መጠቆም ያለበት ወደ ሰርቨር ስም ነው፤ ወደ አይፒ ቁጥርም ሆነ ወደ ሲኔም (ለሌላ ስም የተሰጠ ተለዋጭ ስም) መጠቆም አይፈቀድለትም፤ ስሙም ከአይፒ ቁጥሩ ጋር የሚያገናኘው የኤ ሪከርድ ሊኖረው ይገባል። የዶሜይኑ ሪከርዶች የሚጻፉበትን ዞን ፋይል በእጅሽ ከጻፍሽው በስሙ መጨረሻ ላይ ነጥቧ መኖሯን እይ፤ ነጥቧ ከሌለች ዶሜይኑ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ይቀጠላል፣ ጂሜይልም የሌለ ስም ሲፈልግ ይውላል። ዶሜይኑን የገዛሽበት ድርጅት አስቀድሞ ያስገባው ኤምኤክስ ቀርቶ እንደሆነም ተመልከቺ፤ ቅድሚያ የሚያገኘው ትንሹ ቁጥር ነው፤ የእነሱ 5 ሆኖ ያንቺ 10 ከሆነ ኢሜይልሽ ወደ እነሱ ይሄዳል። ለዲኤንኤሱ የክላውድፍሌርን አገልግሎት የምትጠቀሚ ከሆነ የኢሜይል ሰርቨሩ ስም በፕሮክሲው (መሃል ገብቶ ትራፊክ በሚያስተላልፈው) በኩል እንዳያልፍ አድርጊ፤ ያ ፕሮክሲ የተሠራው ለድረ ገጽ ትራፊክ ነው፣ ፖርት 25ን አያስተላልፍም።

ዲኤንኤሱ ልክ ከሆነ ወደ ፖርቱ ሂጂ። ሰርቨሩ ላይ ኤስኤስ በሚለው ትእዛዝ ፖርት 25 በየትኛው አድራሻ እንደሚያዳምጥ ተመልከቺ። 127.0.0.1 (የማሽኑ የራሱ የውስጥ አድራሻ) ብቻ ካሳየሽ ኢኔት ኢንተርፌስስ የሚለው ቅንብር በራሱ ማሽን ላይ ታጥሯል ማለት ነው፤ ቀይረሽ ፖስትፊክስን ሪስታርት አድርጊው፣ ለዚህ ቅንብር ሪሎድ አይበቃም። ፋየርዎሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፦ አንዱ ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ዩኤፍደብልዩ፣ ሌላው የአከራዩ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ያለው። 587ን ከፍቶ 25ን መርሳት የተለመደ ነው፤ 587 ተጠቃሚ ከስልኩ ወይም ከላፕቶፑ ለመላክ የሚገባበት ሲሆን ሰርቨር ከሰርቨር የሚገናኘው ግን በ25 ነው።

ብዙዎችን የሚያታልል አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ከቤትሽ ኢንተርኔት በቴልኔት ወደ ፖርት 25 ሞክረሽ ዝም ቢልሽ ሰርቨሩ ዝግ ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ስፓም ለመከላከል ከደንበኞቻቸው ወደ ውጭ የሚሄደውን የ25 ግንኙነት ይዘጋሉ። የዘጋብሽ የራስሽ መስመር ሊሆን ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ሰርቨሩ ላይ የኔትወርክ ፓኬቶችን የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን በፖርት 25 ከፍቶ፣ ከጂሜይል መልእክት ልኮ መጠበቅ ነው። ፓኬቱ ሰርቨሩ ድረስ ከመጣና መልስ ካላገኘ የውስጡ ፋየርዎል ነው፤ ጭራሽ ካልመጣ አከራዩ ጋ ወይም ዲኤንኤሱ ላይ ነው።

አሁን ሎጉ ላይ መስመር ታይቷል እንበል። ያንቺ መልእክት ይወጣል፣ የሌላው አይገባም ስላልሽ ከሁሉ በፊት የምንጠረጥረው «ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ» (ማስተላለፍ አልተፈቀደም) የሚለውን ስሕተት ነው። ፖስትፊክስ ዶሜይንሽን የራሱ አድርጎ አያውቀውም፤ ስለዚህ ጂሜይል በእሱ በኩል ወደ ሌላ ቦታ ሊልክ የፈለገ ይመስለዋል። አንቺ ስትልኪ የሚያልፍልሽ በይለፍ ቃል ስለምትገቢ ነው። መልሱ በ554 ከመጣ ላኪው ወዲያው ይነገረዋል። በአዳዲሶቹ የፖስትፊክስ ቅንብሮች ግን 454 ነው የሚመጣው፤ በ4 የሚጀምር መልስ «ቆይተህ ሞክር» ማለት ስለሆነ ጂሜይል መልእክቱን ወረፋ ላይ ይዞ ይደጋግማል፣ ላኪውም ለጊዜው ምንም አያይም። አንቺ ዘንድም ዝምታ፣ እሱ ዘንድም ዝምታ።

መፍትሔው ፖስትፊክስ የራሱ የሚላቸው ዶሜይኖች በሚዘረዘሩባቸው ቅንብሮች፣ ማይዴስቲኔሽን ውስጥ ወይም ቨርቹዋል ሜይልቦክስ ዶሜይንስ ውስጥ፣ ዶሜይኑን ማስገባት ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጪ፤ ሁለቱም ውስጥ ካስገባሽው ፖስትፊክስ ራሱ ሎጉ ላይ ያስጠነቅቅሻል። ማይኔትወርክስን (ያለ ይለፍ ቃል መላክ የሚፈቀድላቸውን አድራሻዎች ዝርዝር) ለዓለም ሁሉ በመክፈት ስሕተቱን ማጥፋት ግን በፍጹም አይደረግም። ስሕተቱ ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ግን ማንም ስፓም የሚልክበት ክፍት ማስተላለፊያ ይሆናል፣ አይፒሽም የስፓም ላኪዎች ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል። የተግባር ፈተና ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው እዚያው ቢወድቅ ተገቢ ነው።

መልሱ 550 5.1.1 ከሆነ ዶሜይኑ ታውቋል፣ ተቀባዩ ግን አልታወቀም። የተጠቃሚዎቹን ሰንጠረዥ አርትዖት አድርገሽ ፖስትፊክስ ወደሚያነበው መልክ የሚቀይረውን ትእዛዝ፣ ፖስትማፕን፣ ሳታስኬጂ ቀርተሽ ይሆናል፤ በሃሽ የተሠራ ሰንጠረዥ ያለ እሱ አይታደስም። ፖስትማፕን በጥያቄ መልክ ከአድራሻው ጋር ብታስኬጂው ፖስትፊክስ የሚያየውን ያሳይሻል። 452 4.3.1 ካየሽ ዲስኩን ፈትሺ፦ ነጻው ቦታ ከመልእክት መጠን ገደቡ 1.5 እጥፍ በታች ሲወርድ ፖስትፊክስ መቀበል ያቆማል። ገደቡ ራሱ ካልቀየርሽው 10240000 ባይት ነው፤ አባሪ ፋይል ሲላክ በቤዝ64 ተቀይሮ ሲሶ ያህል ስለሚጨምር 8 ሜጋባይት የሚሆን ፒዲኤፍ ሊመለስ ይችላል። «አጫጭሩ ይገባል፣ አባሪ ያለው አይገባም» የሚል ቅሬታ ከሰማሽ መጀመሪያ ይህን አስቢ።

ስፓምሃውስን የመሰለ የጥቁር መዝገብ ማጣሪያ ካስገባሽ ደግሞ ሰርቨርሽ ዲኤንኤስ የሚጠይቀው ማንን እንደሆነ እይ። እንደ 8.8.8.8 ባለ ለሁሉም ክፍት በሆነ አገልግሎት በኩል ከጠየቅሽ ስፓምሃውስ 127.255.255.254 የሚል መልስ ይሰጣል። ትርጉሙ «በዚህ መንገድ አትጠይቁኝ» ነው፤ የመልሱን ዓይነት እንዲለይ ያልተነገረው ፖስትፊክስ ግን «ላኪው ተመዝግቧል» ብሎ ይወስደውና ጂሜይልን ጨምሮ ሁሉንም ይመልሳል። አንባውንድን የመሰለ የራስሽን ዲኤንኤስ ሪዞልቨር እዚያው ሰርቨር ላይ ጫኚ፣ ማጣሪያውም ከ127.0.0.2 እስከ 127.0.0.11 ያሉትን መልሶች ብቻ እንዲቆጥር ጻፊ።

ሎጉ «ስቴተስ ሴንት» (ተልኳል) ካለና ሳጥኑ ባዶ ከሆነ መልእክቱ ሰርቨሩ ውስጥ አለ፤ ቦታው ነው የጠፋው። ፖስትፊክስ በነባሪው በኤምቦክስ መልክ (ሁሉንም በአንድ ፋይል) ቫር ሜይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ዶቭኮት ደግሞ ሜይልዲር ማህደር ውስጥ (እያንዳንዱ መልእክት በየራሱ ፋይል) እንዲያነብ ተዋቅሮ ይሆናል። ሎጉ ላይ «ዴሊቨርድ ቱ ሜይልቦክስ» እና «ዴሊቨርድ ቱ ሜይልዲር» የሚሉት ይለያያሉና በጥንቃቄ አንብቢ። ለዶቭኮት በኤልኤምቲፒ (በማስረከቢያው ፕሮቶኮል) የምታስረክቢ ከሆነና «ዲፈርድ» (ለጊዜው ቆይቷል) የሚል ካየሽ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ሶኬት በፖስትፊክስ ስፑል ውስጥ ባለው ፕራይቬት ማህደር መኖሩንና ባለቤቱ ፖስትፊክስ መሆኑን አረጋግጪ። ወረፋውን በሜይልኪው ታያለሽ።

ለልምምዱ የዶላር ክፍያ የሚያሳስብሽ ከሆነ ላፕቶፕሽ ላይ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች በቂ ናቸው፦ አንዱ ላኪ፣ አንዱ ተቀባይ፣ ሁለቱንም የሚያገለግል ዲኤንኤስማስክ የተባለ ትንሽ የዲኤንኤስ ሰርቨር። ለእያንዳንዱ አንድ ጊጋባይት ራም ይበቃል። ከዚያ ከላይ ያሉትን ስሕተቶች አንድ በአንድ ሆን ብለሽ ፍጠሪ፤ ኤምኤክሱን አበላሺ፣ ዲስኩን ሙዪ፣ ሶኬቱን አጥፊ። በየጊዜው ላኪው ያገኘውን ኮድና ተቀባዩ ሎግ ላይ የጻፈውን ጎን ለጎን መዝግቢ። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ራስሽ የሠራሽው ከሆነ አይረሳሽም፣ ከሌላ የተቀዳ ከሆነ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቅብሻል።

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ኤክስቼንጅ ወይም ዚምብራ የተባሉት የኢሜይል ሰርቨሮች ሊኖራቸው ይችላል፤ አይክበድሽ። የዚምብራ ውስጡ ፖስትፊክስ ነው። ኤክስቼንጅም ዲስክ ወይም ሜሞሪ ሲያጥረው ያንኑ 452 4.3.1 ይመልሳል፤ የመልእክቱንም ጉዞ በመከታተያ ሎጉ ያሳይሻል።

ሲቪሽ ላይ «የኢሜይል ሰርቨር ሠርቻለሁ» ብቻ አትጻፊ። «በኡቡንቱ ላይ የፖስትፊክስና ዶቭኮት ሰርቨር አዋቅሬ፣ ገቢ ኢሜይል ያቋረጠውን ስሕተት በሎግና በቲሲፒደምፕ ለይቼ ፈትቻለሁ» በዪ፤ በእርግጥ ከፈታሽው በኋላ ብቻ። ፈታኞቹ «ኢሜይል አይገባም» ብለው ሲያቀርቡልሽ ደግሞ ትእዛዝ ከመጻፍሽ በፊት ጠይቂ፦ ከሁሉም ላኪ ነው ወይስ ከአንዱ? ለሁሉም ተቀባይ ነው? ከመቼ ጀምሮ? ላኪው የተመለሰለት ጽሑፍ አለ? ሎጉን ሳትገለብጪ ሪስታርት አታድርጊ። ሰዓቱ ሳትጨርሺ ቢያልቅ ምን እንዳጣራሽና ቀጥሎ ምን ልታዪ እንደነበር ወረቀቱ ላይ ጻፊ፤ ነጥብ የሚሰጠው ፈታኝ የሚያነበው እሱን ነው። «እስኪስተካከል የመጡት መልእክቶች ጠፍተዋል?» ብለው ከጠየቁሽ፣ በ4 የተመለሱትና መገናኘት ያልቻሉት ላኪው ወረፋ ላይ እንደሚቆዩ፣ ፖስትፊክስ ለምሳሌ በነባሪው 5 ቀን እንደሚሞክር፣ በ5 የተመለሱት ግን ዳግም መላክ እንዳለባቸው ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጊ። ለሥራ ያመለከትሽው በዚሁ ሰርቨር አድራሻ ከሆነ የጥሪ ደብዳቤሽ ወረፋ ላይ ቆሞ ይሆናል። ያመለከትሽባቸው ቦታዎች ደውለሽ የጂሜይል አድራሻሽንና ስልክሽን አስመዝግቢ፤ የራስሽን ዶሜይን ለማመልከቻ የምትጠቀሚው ከሰርቨሩ ውጭ ሆኖ ፖርት 25ን የሚከታተልና ሲዘጋ የሚያስጠነቅቅሽ ነገር ካቆምሽ በኋላ ይሁን።