ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ግማሽ ሰው ግማሽ አምባዛ የሆነ ሕዝብ እየፈጠርኩ ነው፣ እኔን ደሞ አተኮሰኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ያደግኩት ግን ደብረ ብርሃን ነው። ጣና ላይ የሚኖር ደንገላውያን የሚባል ሕዝብ ፈጥሬ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ግማሽ ሰው ግማሽ አምባዛ ናቸው፣ ከእንቁላል ይፈለፈላሉ፣ እስከ 12 ዓመታቸው ውሃ ውስጥ በስንጥብ ይተነፍሳሉ፣ ከዛ እግር አውጥተው ዳሩ ላይ በሚበቅለው ደንገል ውስጥ ይኖራሉ፣ ሲያረጁ ተመልሰው ውሃ ይገባሉ። በሰውነት አሠራር ያስኬዳል? ደሞ ውሃው እንዲሰማኝ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ደንገሉ ጋ ስዋኝ ነበር፣ የመጀመሪያው ቀን ማታ እግሬን አሳክኮኝ ቀይ ቀይ ነገር ወጣብኝና ጠፋ። አሁን ወር ሲሞላው ትኩሳት፣ ደረቅ ሳልና የሆድ ቁርጠት ይዞኛል። ታይፎይድ ነው ተብዬ መድኃኒት ጨርሻለሁ፣ አልተሻለኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደንገላውያንህ ትንሽ ይጠብቁን፣ መጀመሪያ አንተ። ጥያቄህን ሳነብ ቶሎ የመጣልኝ ቢልሃርዝያ ነው፣ ከሐይቅ ውሃ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ። ደጋ ያደገ ልጅ፣ ጣና ዳር ደንገል ውስጥ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ማታውኑ ማሳከክ፣ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ሳል፣ ነገሩ ሁሉ ይገጥማል። ሰውነቱ በሽታውን ከዚህ በፊት የማያውቅ ሰው ላይ ነው እንዲህ ብርቱ ሆኖ የሚጀምረው፣ እዚሁ ዳር ያደጉ ጓደኞችህ አብረውህ ዋኝተው ምንም ላይላቸው ይችላል። ግን ትኩሳት ነው፣ ያለነውም ባሕር ዳር ነው፣ ወባ ሳይታይ አይታለፍም፣ ሁለቱ አንድ ላይም ይይዛሉ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ያኔ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ደምህ ለወባ ይታይ፣ የነጭ ደም ሴል ቆጠራም ይሠራልህ፣ ኢዮሲኖፊል የሚባለው ከፍ ብሎ ከተገኘ ጥርጣሬያችን ይጠነክራል፣ ሰገራም ይታይ። ሐይቅ ውስጥ መዋኘትህን አንተው ንገራቸው፣ ካልነገርካቸው ላይጠይቁህ ይችላሉ።

አሁን ወደ ሕዝብህ። ከልቤ ነው የምልህ፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል፣ እንዲህ አስቦ የሚጠይቅ ብዙ የለም።

ትልቁ ችግርህ ትንፋሽ ነው። ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ በደቂቃ ወደ 250 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይፈልጋል። አየር 21 ፐርሰንቱ ኦክስጅን ስለሆነ ለሳንባ ቀላል ነው፣ አንድ ሊትር የጣና ውሃ ግን ቢበዛ 7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው የሚይዘው። ሒሳቡን ስንሠራው በየደቂቃው 50 ሊትር ውሃ በስንጥቡ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ ያውም ያለችውን ኦክስጅን አንዲት ሳያስቀር ከወሰደ። ሁለት ተኩል ቢጫ ጀሪካን በደቂቃ ማለት ነው፣ ለሊቱን ሙሉ፣ ተኝቶም። አሳ የሚችለው ደሙ እንደ ውሃው ስለሚቀዘቅዝና ትንሽ ስለሚበቃው ነው፣ እኛ ግን ጭንቅላታችን ብቻውን ከምንተነፍሰው ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን ይበላል። ስለዚህ ልጆቹን ደመ ቀዝቃዛ አድርጋቸው፣ ቀስ ብለው የሚያስቡ፣ ቀስ ብለው የሚያድጉ ይሁኑ። ወይም ደግሞ አምባዛን ራሱን ተከተል፣ ምርጫህ ጥሩ ነበር እኮ። አሳ አስጋሪዎቹ ጠዋት ሲመለሱ ጀልባው ወለል ላይ ሌላው አሳ ሁሉ ደርቆ አምባዛው ብቻ ጢሙን እያንቀሳቀሰ፣ አፉን ከፈት ከደን እያደረገ ሲተነፍስ ቆሜ አይቻለሁ። ከስንጥቡ በላይ እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ የተበታተነ በደም ስር የተሞላ አካል አለው፣ በሱ ከአየር ይስባል። የደንገላውያን ልጅ በየጥቂት ደቂቃው ብቅ ብሎ አየር ጎርሶ ቢመለስ ማንም ሐኪም አይከራከርህም።

ሁለተኛው መዳቀሉ ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፣ የሷ ነገር መልሱ ክሮሞዞም ላይ ነው፣ በየሴሉ ውስጥ ሆኖ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ዘር የሚሸከመው። ፈረስ 64፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63፣ ለመውለድ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው መሰለፍ ሲያቅታቸው በቅሎ ትመክናለች። ሰው 46፣ አምባዛ 56 ነው፣ ርቀቱ ደሞ የቁጥር ብቻ አይደለም፣ የሰው ዘርና የአምባዛ እንቁላል ጭራሽ አይተዋወቁም። ስለዚህ አንድ ዓሣ አስጋሪ አንዲት አሳ ወዶ ምናምን የሚለውን መነሻ ተወው። ግን መዳቀል ሁሌ መምከን አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጠዋት የበላኸው ዳቦ የድቅል ልጅ ነው፣ የዳቦ ስንዴ ከሌላ ስንዴና ከጫካ ሣር ተዳቅሎ ክሮሞዞሙ እጥፍ ስለሆነ ጥንድ አገኘ፣ አሁን 42 አለው፣ ይዘራል፣ ያፈራል። ጣና ውስጥ ያለው ባርበስ፣ ነጭ አሳ የምንለው፣ እሱም ወደ 150 ክሮሞዞም ነው ያለው፣ በጥንድ ፈንታ ስድስት ስድስት ሆነው፣ የጥንት መዳቀል ውጤት ነው፣ እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ተከፋፍሎ ሌላ አገር የማይገኙ ከደርዘን በላይ ዝርያዎች ሆኗል። ደንገላውያንም በልቦለድህ ዓለም እንዲህ ቢጀምሩ፣ አንዴ በጥንት ዘመን ተዳቅለው፣ እጥፍ ሆነው፣ ከዛ በኋላ ከሰውም ከአሳም ጋር የማይዋለዱ ራሳቸውን የቻሉ ሕዝብ ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

እግር ማውጣቱን በጣም ወድጄዋለሁ፣ እዚህ ላይ ቆም በልልኝ። የእንቁራሪት እጭ ጅራቷን ጥላ እግር የምታወጣው አንገት አካባቢ ካለው ታይሮይድ ከሚባለው እጢ በሚወጣ ሆርሞን ነው፣ ሆርሞኑ ደሞ ያለ አዮዲን አይሠራም። እጢው ከተወገደ እጯ ትተልቃለች እንጂ እንቁራሪት አትሆንም፣ ሕይወቷን ሙሉ ጅራታም ሆና ትቀራለች። እኛ ሰዎች ላይ ያው እጥረት እንቅርት ያመጣል፣ እናት በእርግዝና ስታጣው ደሞ የልጁ አእምሮ ይጎዳል፣ ደጋው አገር እንቅርት ስንቱን እናት እንዳሳቀቀ አውቀዋለሁ፣ ለዚህ ነው አዮዲን ያለው ጨው ግዙ እያልን የምንለምነው። አስበው እስቲ፣ የጨው ነጋዴ መምጣት ያቆመበት የደንገላውያን መንደር፣ 12 ዓመት ሞልቷቸው፣ 15 ሞልቷቸው፣ ከውሃ ያልወጡ ልጆች፣ እናቶቻቸው ዳሩ ላይ ቆመው ሲጠሯቸው። ይሄን ጻፍልኝ።

እንቁላሉንም ዝም ብሎ ጭቃ ላይ አታስጥላቸው። ቆሮሶ የሚባለው አሳ እናቲቱ እንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታስፈለፍል፣ እስከዛ እሷ እምብዛም አትበላም። ብዙ ባርበስ ደሞ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል፣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋበትም ያኔ ስለሆነ ዘሩ እየተመናመነ ነው፣ ይሄ ያሳስበኛል። ሽማግሌዎቹ ውሃ የሚገቡትም እንደገና ደማቸው ከቀዘቀዘ ብቻ ነው፣ ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ፈጥኖ ስለሚወስድ የሰው ሽማግሌ እዛ ውስጥ አያድርም።

አንተ የፈለግከው ሁለት ሕይወት የሚኖር ፍጡር ግን ዋናው የዋኘህበት ውሃ ውስጥ ነው ያለው። እሱም የቢልሃርዝያ ትል ነው። የያዘው ሰው ዳር ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውሃ ይገባል፣ ተፈልፍሎ በአንድ ቀን ውስጥ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለበት፣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ እዛ ወር ገደማ ቆይቶ ሺዎች ይሆናል፣ ፀሐይ ስትበረታ ይወጣሉ፣ ሹካ የመሰለ ጅራት አላቸው። ቆዳህን ሲያገኙ በደቂቃዎች ይገባሉ፣ ጅራታቸውን ደጃፍ ላይ ጥለው። ያ ማታ ያሳከከህ ይሄ ነው። ከዛ በሳንባ አልፈው ጉበት ውስጥ ያድጋሉ፣ ወንዱ ሴቲቱን በሰውነቱ እጥፋት አቅፎ ወደ አንጀት ደም ስር ይወርዳል፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የምታህል ትል በቀን እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች፣ ለዓመታት። እንቁላሉ ሁሉ በሰገራ አይወጣም፣ ጉበት ውስጥ የሚቀረው ነው ጉበትን የሚያደርቀው፣ ሆድ የሚነፋው፣ ደም የሚያስመልሰው።

እንቁላል መጣል የሚጀምሩት ከገቡ ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት ገደማ ስለሆነ የአሁኑ ሰገራህ ንጹሕ ነው ቢሉህ አትዘናጋ፣ ከሳምንታት በኋላ ይደገም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፣ ያደጉትን ትሎች እንጂ ጨቅላዎቹን ስለማይገድል አንዴ ወስደህ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ መድገም ሊያስፈልግህ ነው። አሁን ባለህበት ደረጃ ሐኪሙ የሰውነትህን ቁጣ የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ሊጨምርልህ ስለሚችል ራስህ ገዝተህ እንዳትውጥ። እግርህ ከዛለ፣ ጭንቅላትህን ካዞረህ ወይም ካንቀጠቀጠህ ግን ቀጠሮ ምናምን የለም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል።

ሐይቁን መቅረብ ከፈለግክ ታንኳ ላይ ተቀመጥ፣ እግርህን አትንከር፣ ደንገሉ ውስጥ ጉማሬም አለ። ሰኞ ጠዋት ሂድ፣ ቁርስህን መብላት ትችላለህ፣ የሰገራ ናሙናው የዛኑ ቀን ይሁን፣ ሚዛን ላይም ውጣ፣ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊ ግራም እየተሰላ ነው የሚሰጠው።