በሰዓት ተቀጥራችሁ ሰው ለምትንከባከቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አዛውንቶችንና ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄዳችሁ፣ ቀን ቀን ለጥቂት ሰዓታት ለመንከባከብና ለማጫወት ሥራ ለጀመራችሁም ሆነ ልትጀምሩ ላሰባችሁ ይህን እጽፋለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍሁበት ሥራ ነውና ከሁሉ አስቀድሜ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የምትቀጠሩት ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ሲሆን ቀንና ሌሊቱ ግን 24 ሰዓት ነው። ስለዚህ የሥራችሁን ጥራት መመዘን ያለባችሁ እናንተ ከወጣችሁ በኋላ የምትንከባከቧቸው ሰው ቀሪውን ጊዜ እንዴት እንደሚያሳልፉ እያሰባችሁ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ሁሉን ነገር ራሱ ለመሥራት አይጣደፍም። አዲስ ተንከባካቢ ትጋቱን ለማሳየት ሲል ማልበሱንም፣ ማጉረሱንም፣ ደግፎ ማንሣቱንም ብቻውን ሊወጣው ይሞክራል፤ ሐሳቡ ደግ ቢሆንም በእርጅና ዘመን ያልተሠራበት ጡንቻ ቶሎ ይደክማል፣ ባለፈው ወር አዛውንቱ በራሳቸው ይቆልፉት የነበረው የሸሚዝ ቁልፍም ሌላ ሰው ሲቆልፍላቸው ከከረመ በኋላ ከጣታቸው ያመልጣል። ልብስ መልበሱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ይፍጅ፤ ያ ጊዜ ከሥራችሁ የተቀነሰ አይደለም። በስትሮክ ምክንያት አንድ ጎናቸው የደከመ ሰው ሲለብሱ ደካማው እጅ፣ ሲያወልቁ ደግሞ ጤነኛው እጅ ይቀድማል። ምርኩዝ የሚያዘው በጤነኛው በኩል ነው፤ ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር፣ ሲወርዱ ደካማው እግር አስቀድሞ ይራመዳል። ይህን ሁሉ እናንተ ማወቃችሁ ብቻ አይበቃም፤ ማታ ያንን ደረጃ የሚወጡት ያለ እናንተ ነውና እርሳቸው እስኪለምዱት ድረስ አብራችሁ ደጋግሙት። ከአልጋ ሲነሡም የደም ግፊታቸው በድንገት ሊወርድና ሊያዞራቸው ስለሚችል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው እንዲቆሙ አስለምዷቸው። እጃቸውን ጎትቶ ማንሣት ግን ትከሻቸውን ስለሚጎዳ ፈጽሞ አታድርጉት።

የመጨረሻዎቹን አሥራ አምስት ደቂቃዎች ለቤቱ ስጡ። ውኃው፣ መነጽሩ፣ ስልኩና የመብራቱ ማብሪያ እጃቸው ከሚደርስበት ቦታ መሆኑን፣ ከአልጋው እስከ መጸዳጃው ባለው መንገድ ላይ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ወይም ገመድ አለመኖሩን እዩ። ዕድሜ ሲገፋ የውኃ ጥም ስሜት ስለሚደክም፣ «አልጠማኝም» ማለታቸው ሰውነታቸው ውኃ አላነሰውም ማለት አይደለም። ምግብ የሚበሉት ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነው፤ ከበሉም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጡ መቆየት ስላለባቸው፣ ልትወጡ ስትሉ አጉርሳችሁ ወዲያው አታስተኟቸው። አልጋ ላይ ለዋሉት ደግሞ ተረከዛቸውን፣ ዳሌያቸውንና የወገባቸውን ታች በየቀኑ ተመልከቱ። ጫን ሲሉት የማይጠፋ ቅላት የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጃችሁ ዳስሳችሁ እወቁ፣ ቦታውን ግን አትሹት። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ የሚያገላብጣቸው ሰው ከእናንተ በኋላ ማን እንደሆነ ከቤተሰቡ ጋር ሳትነጋገሩ አትሂዱ።

ቤተሰቦች የሥራ ዝርዝር ሲሰጧችሁ ማጫወትን ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይጠቅሱታል፤ እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የተካነ ተንከባካቢ የሚፈልገው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስልካችሁን አስቀምጡና ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። የመስማት ችሎታ ሲደክም ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ስለሆኑ፣ መጮኽ ድምፃችሁን ይበልጥ ከማቅጠን በቀር አይረዳም፤ ዝቅና ዘርዘር ባለ ድምፅ፣ ከንፈራችሁ እየታየ ተናገሩ። «ደኅና ነዎት? በሉ?» እያሉ አዎን ወይም አይ የሚል መልስ ብቻ ማግኘት ጨዋታ አይደለም። ስለ ኖሩበት ሙያ ጠይቋቸው፣ የሚያውቁትን እንዲያስተምሯችሁ ለምኗቸው፣ በሕይወታችሁ ያስቸገራችሁን ነገር አንሥታችሁ ምክራቸውን ስሙ፤ ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ መኖር ሰውን ያደክማልና። ዝም ብለው መቀመጥ የፈለጉ ቀንም አብራችሁ ዝም በሉ። ስትወጡ ደግሞ የሚቀጥል ነገር ትታችሁ ሂዱ፤ በእንጥልጥል የቀረ ታሪክ ወይም ተጀምሮ ያላለቀ ደብዳቤ ቢኖር ማታ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያስቡት፣ ነገም የሚጠብቁት ያገኛሉ። በዚህ ምክንያት ቀጠሮ ማክበርን እንደ ቀላል ነገር አትዩት፤ ለእናንተ አሥር ደቂቃ የሆነው መዘግየት በመስኮት እያዩ ለሚጠብቁ ሰው ረጅም ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ ዛሬም ፈዋሽ መድኃኒት ያልተገኘለት አልዛይመር የተባለው የመርሳት ሕመም የያዛቸውን ስትንከባከቡ፣ ነገ የማያስታውሱትን ጨዋታ መጫወት ምን ይጠቅማል የሚል ተስፋ መቁረጥ ሊመጣባችሁ ይችላል። ነገሩ ከተረሳም በኋላ ያሳደረባቸው ስሜት እንደሚቆይ እወቁ። ከብዙ ዘመን በፊት ያረፉ እናታቸውን «የት ሄደች?» ብለው ሲጠይቁ ሞታለች ብላችሁ አትከራከሩ፤ ስለ እናታቸው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ተከራክራችሁ ብትወጡ ምክንያቱ የማይታወቅ ኀዘን አብሯቸው ያመሻል፤ አመሻሽ ላይ መረበሽ የሚብስባቸውም ብዙዎች ናቸው።

የመርሳት ሕመም ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ ግራ መጋባት ግን ሌላ ምክንያት አለው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ለቤተሰብና ለሐኪም መነገር አለበት። ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ደግሞ ደቂቃ ሳታባክኑ አምቡላንስ ጥሩ። በስትሮክ ጊዜ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ፣ ሐኪሞች አስቀድመው የሚጠይቁት ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና የታዩት ስንት ሰዓት ላይ እንደነበረ ነው። ያንን የምታውቁት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ስለዚህ የሥራ ደብተር ይኑራችሁ፤ የበሉትን፣ የጠጡትን፣ የወሰዱትን መድኃኒት፣ የተለወጠ ነገር ካለ እርሱን፣ እንዲሁም የወጣችሁበትን ሰዓትና ስትወጡ የነበሩበትን ሁኔታ ጻፉ። ያያችሁትን እንጂ የገመታችሁትን አትጻፉ። የመድኃኒት መጠን በራሳችሁ ሐሳብ መቀየርም የእናንተ ሥልጣን አይደለም።

ስለ ራሳችሁ መብት ባጭሩ ልናገር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው 189ኛው ስምምነት በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን የሚመለከት ሲሆን፣ ሠራተኛው የሥራ ሁኔታውን በግልጽ፣ ቢቻልም በጽሑፍ ውል እንዲያውቅ፣ በሳምንትም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እንዲያርፍ ይደነግጋል። በሰዓት የሚቀጠር ሰው በተለይ ቀጠሮ ሲሰረዝ ምን እንደሚከፈለውና ትርፍ ሰዓት እንዴት እንደሚታሰብ አስቀድሞ ማስጻፍ አለበት። በገንዘብ ጉዳይ ቤተሰቡ ሳያውቅ ምንም አትቀበሉ፣ ምንም አታበድሩ።

ወደ አዲስ ቤት ስትሄዱም የመጀመሪያውን ቀን ለጥያቄ ተጠቀሙበት። ማታ አብሯቸው የሚያድር ማን ነው? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ? ከዚህ በፊት ወድቀው ያውቃሉ፣ የወደቁትስ የት ላይ ነው? ድንገት ቢታመሙ በመጀመሪያ ለማን ይደወላል? እነዚህን ለቤተሰቡ ካቀረባችሁ በኋላ ለብቻችሁ ስትሆኑ አዛውንቱን ራሳቸውን ጠይቋቸው፤ መልሳቸው ብዙ ጊዜ ከልጆቻቸው መልስ የተለየ ነው።