ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮምፒውተር ያበላሻል? ጠይቁኝ

ሥራዬ የላፕቶፕ ቦርድ ጥገና ነው። የማውቀውን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ሞዴሉን ጻፉ።

ጥያቄ፦ ሶፍትዌር እቃ አያበላሽም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። በፍጹም አይሆንም የሚላችሁን ግን አትስሙ። የሊኑክስ ዓይነት የሆነውን ኡቡንቱ 17.10 ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አንዳንድ የሌኖቮ፣ የኤሰርና የቶሺባ ላፕቶፖችን ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) አበላሸ። ሰዉ ባዮስ ገብቶ ይቀይራል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ ማሽኑ ሲነሳ የቀየረው ነገር የለም። አንዳንዱ ጭራሽ ከፍላሽ አልነሳም አለ። ጥፋቱ ኢንቴል ኤስፒአይ የተባለ ድራይቨር (ሲስተሙን ከእቃው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ነበር፤ ባዮሱ የተቀመጠባትን ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ ነው የሚነካው። የኡቡንቱ ሠሪ ካኖኒካል ማውረጃውን አነሳ፣ ጥር 2018 ላይ ድራይቨሩን አጥፍቶ 17.10.1ን አወጣ።

ቺፗ አልተቃጠለችም። የተበላሸው በውስጧ ያለው ጽሑፍ ነው። እኔ ክሊፑን እግሮቿ ላይ አስነክሳለሁ፣ በፕሮግራመር (ቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ) ሁለቴ አነባለሁ፣ ሁለቱ ንባብ አንድ ከሆነ ባክአፕ አስቀምጬ ነው የምጽፈው። ባክአፕ ሳትይዙ አትጻፉ! ሲሪያል ቁጥሩና የዊንዶውስ ቁልፉ ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው። 1.8 ቮልት የሆነችውን ቺፕ ደግሞ በ3.3 ቮልት አትንኳት፣ ያኔ በእውነት ትቃጠላለች።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 11 ከጫንኩ ወዲህ ላፕቶፔ ይሞቃል። ተበላሸ?

መልስ፦ ፋኑን አጽዳ። ሞዴሉስ?

አንድ አባል፦ ችግሩ ሁሌም ሊኑክስ ነው፣ ዊንዶውስ እንዲህ አያደርግም።

ሌላ አባል፦ እንዴ! እ.ኤ.አ. በ2013 የሳምሰንግ ላፕቶፖች ሲሞቱ ሁሉም ሊኑክስን ረገመ። የሊኑክስ ፕሮግራም ጸሐፊው ማቲው ጋሬት ግን ከዊንዶውስም ማጥፋት እንደሚቻል አሳየ። ጥፋቱ የሳምሰንግ ፈርምዌር (ባዮሱ ማለት ነው) ነው።

አንድ አባል፦ ዊንዶውስ ላይ ማን ሞተበት? ቢሮ የሚሠራበት ሁሉ...

መልስ፦ ልክ ነው ያለው፣ ፈርምዌሩ ነበር። የዊንዶውስና የሊኑክስ ክርክራችሁን ግን ሌላ ቦታ ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ባዮስ አፕዴት ራሱ መጣልኝ፣ ልተወው?

መልስ፦ አድርጊው እህቴ። ባትሪው ይሙላ፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ እንዳትነኪው። ባለፈው ወር አንድ ልጅ ግማሽ ላይ መብራት ጠፋበትና ማሽኑ ሞቶ መጣልኝ። አሁንም እላለሁ፣ ከመጻፍ በፊት ባክአፕ።

ጥያቄ፦ የኔም ባዮስ ሴቭ አያደርግም፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሞዴል! ሦስተኛ ጊዜ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ወንድሜ። ሌኖቮ ጂ50-80። ድሮ ወርዶ ፍላሽ ላይ የቆየ ኡቡንቱ 17.10 ነው የጫንኩት።

መልስ፦ እንዲህ ጠይቁኝ! እሱ ሞዴል ከተጎዱት አንዱ ነው። ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 4.14.9 ጫንና ሪስታርት አድርግ፣ ብዙዎች በዚህ ተስተካክሎላቸዋል። እምቢ ካለህ ክሊፕ ይፈልጋል፣ ይዘኸው ና። የ17.10ን ፍላሽ ግን ዛሬውኑ ፎርማት አድርገው፣ ለሰው እንዳታውሰው።