የቆየ ፍርድ፣ ያልተዘጋ ዕዳና በብድር መረጃ ላይ የቀረ ስም

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር አራዳ ገበያ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለኝ ነጋዴ ነኝ። ከዓመታት በፊት ከታናሽ ወንድሜ ጋር በጋራ ፈርመን ለአይሱዙ መኪና መግዣ ከአንድ ባንክ ተበድረን ነበር። ሥራው አልሆን ሲለን ባንኩ መኪናውን በሐራጅ ሸጠው፤ ሽያጩ ዕዳውን ስላልሸፈነም ቀሪውን 300,000 ብር ከ9 በመቶ ወለድ ጋር በአንድነትና በነጠላ እንድንከፍል የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2009 ዓ.ም. ወሰነብን። ማራኪ ያለው ቤቴም እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ታገደ። በ2010 ዓ.ም. 90,000 ብር ከፍዬ ደረሰኙን ይዣለሁ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ ስለሌለ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አሁን አዘዞ ላይ የእህል ወፍጮ ለመትከል ሌላ ባንክ ብድር ብጠይቅ «ስምዎ በተበላሸ ብድር ተይዟል» ተባልኩ። ፍርዱ 10 ዓመት ሲሞላው ይሰረዛል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ በ20,000 ብር ስሜን አስጠፋልሻለሁ ብሎኛል። ልክፈል ወይስ ልጠብቅ? ብከፍልስ ስሜ ይጠራል? መተማ ያለው ወንድሜስ ድርሻውን አይከፍልም ወይ?
ስሜ እንዳይጠቀስ፣ ከጎንደር

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፤ ምክራችን ከፍለው ይጨርሱ የሚል ነው፤ ነገር ግን ስንት እንደሚከፍሉና በምላሹ የትኞቹን ወረቀቶች እንደሚቀበሉ ሳያረጋግጡ አንድ ብር እንኳ አያስገቡ። ዕዳው በባንኩ ሒሳብ፣ ፍርዱ በፍርድ ቤቱ መዝገብ፣ ስምዎ ደግሞ ባንኮች በሚመለከቱት የብድር መረጃ ውስጥ ነው ያለው፤ አንደኛው ሲዘጋ ሌላው አብሮ አይዘጋም። ብዙ ሰው የሚጎዳውም ገንዘቡን ከፍሎ ሲያበቃ ቀሪውን ባንኩ ይጨርሰዋል ብሎ ወደ ቤቱ ስለሚገባ ነው።

ስለ 10 ዓመቱ የሰሙት ወሬ መነሻ አለው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 384፣ ፍርድ ከተሰጠ 10 ዓመት ካለፈ በኋላ በአዲስ መልክ የሚቀርብ የአፈጻጸም ጥያቄ (ፍርዱ በኃይል ይፈጸምልኝ የሚል ማመልከቻ) ተቀባይነት እንደማይኖረው ይደነግጋል። ይሁንና ቤትዎ የታገደው በአፈጻጸም መዝገብ ከሆነ፣ ባንኩ ጥያቄውን ገና በጊዜው አቅርቧል ማለት ስለሆነ፣ ቀን እየቆጠሩ መጠበቁ የሚያዋጣ አይመስለንም። ጊዜው አልፏል ቢባል እንኳ ባንኩ የሚያጣው በፍርድ ቤት ኃይል የማስከፈል መብቱን ነው እንጂ፣ ያልተከፈለው ዕዳ እንደተከፈለ ተቆጥሮ በብድር መረጃው ላይ አይጻፍልዎትም። ለወፍጮው ብድር እንቅፋት የሆነብዎትም ይኸው መረጃ ነው።

በመጀመሪያ የፍርዱን የተረጋገጠ ግልባጭ ያውጡ። ፍርዱ የተሰጠው በ2009 ዓ.ም. ስለሆነ በማኅተሙ ላይ የሚያዩት የሰሜን ጎንደር ዞን ስም ሊሆን ይችላል፤ ዞኑ ከዚያ በኋላ ተከፋፍሎ ጎንደር የማዕከላዊ ጎንደር ዞን መቀመጫ ስለሆነች በስሙ መለወጥ ግራ አይጋቡ። በመዝገብ ቤት ሲጠይቁ የዋናውን ክስ ብቻ ሳይሆን የአፈጻጸም መዝገቡንም ቁጥር ያስፈልጉ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ግልባጩ በእጅዎ ሲገባ ሒሳቡን ራሱ ፍርዱ ከሚለው ተነሥተው ይሥሩት። ባንኩ በብድር ውሉ ወለድና ቅጣት አስልቶ የሚያቀርብልዎ ዝርዝር ከፍርዱ ከበለጠ፣ የሚገደዱት በፍርዱ ልክ ነው። በሕጋችን ዕዳ በከፊል ሲከፈል ክፍያው አስቀድሞ ለወጪ፣ ቀጥሎ ለወለድ፣ በመጨረሻም ለዋናው ገንዘብ ይታሰባል። ወጪና ኪሣራውን ለጊዜው እንተወውና፣ በ300,000 ብር ላይ 9 በመቶ በዓመት 27,000 ብር ይሆናል። የከፈሉት 90,000 ብር ፍርዱ ከተሰጠ ከአንድ ዓመት በኋላ የገባ ነው ብንል፣ 27,000ው ለወለድ ሄዶ ከዋናው የተቀነሰው 63,000 ብር ብቻ ነው። ዋናው 237,000 ብር ሆኖ በየዓመቱ 21,330 ብር ሲወልድ ቆይቷል፤ በ8 ዓመት ወለዱ ብቻ 170,640 ብር፣ ከዋናው ጋር ሲደመር 407,640 ብር ይደርሳል። እርስዎ «210,000 ብር ቀርቶብኛል» ብለው ቢሄዱ ከባንኩ ጋር የማትግባቡት በዚህ የተነሣ ነው። በሌላ በኩል የ2010 ዓ.ም. ክፍያዎ ለፍርድ ቤቱ ሳይነገር ቀርቶ ከሆነ፣ በአፈጻጸም መዝገቡ ላይ ዛሬም ሙሉው 300,000 ብር ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ። ደረሰኙን ፎቶ ኮፒ አድርገው ከማመልከቻ ጋር በማስገባት ክፍያው ይመዝገብልዎ።

ቀጥሎ ድርድር ነው። ያረጀ ዕዳን በአንድ ጊዜ ልክፈል ለሚል ሰው ባንኮች ከወለዱ ላይ የሚቀንሱበት ጊዜ ስላለ መጠየቅ አይፈሩ፤ ነገር ግን የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ በቃል የነገረዎትን ይዘው አይክፈሉ። ወለድ የመቀነስ ሥልጣን ብዙ ጊዜ ያለው በዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ፣ ሥልጣን ባለው ኃላፊ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት፣ የሚከፈለው ገንዘብ የዕዳው ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ መሆኑን፣ ባንኩም መዝገቡ እንዲዘጋና እግዱ እንዲነሣ ለፍርድ ቤቱ እንደሚጽፍ፣ ለብሔራዊ ባንክ የሚልከውንም መረጃ እስከ መቼ እንደሚያስተካክል በግልጽ ይናገር። በተለይ የመጨረሻዋን ሐረግ ሳያስገቡ አይፈርሙ፤ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ይህችን ማስጻፍ እጅግ ይከብዳል። ባንኩ የዕዳ ማመኛ ብቻ አዘጋጅቶ ፈርሚ ቢልዎ ግን ሕግ ለሚያውቅ ሰው ሳያሳዩ እንዳይፈርሙ።

ከከፈሉ በኋላ ስምምነቱንና ደረሰኙን ለአፈጻጸም ችሎቱ ያቅርቡ። የሚፈልጉት ትእዛዝ ፍርዱ እንደተፈጸመ የሚገልጽና «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚል መዝጊያ ያለው ነው። ይህ ትእዛዝ ግን የማራኪውን ቤት ነጻ አያደርገውም፤ እግዱ የተጻፈው ለከተማው የይዞታ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ፣ ለዚያው መሥሪያ ቤት የሚደርስ የእግድ ማንሻ ደብዳቤ በተለይ ያስጽፉ፤ ከቤትዎ ማኅደር ጋር መያያዙንም ቆመው ይዩ። ዕዳ ከፍለው ከጨረሱ ከዓመታት በኋላ ቤት ሊሸጡ ሲሉ የድሮ እግድ ብቅ የሚልባቸው ሰዎች አሳዛኝ ናቸው፤ ገዢው ቀብድ ከሰጠ በኋላ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ጣጣው ይብሳል።

አሁን ወደ ስምዎ እንምጣ። ክፍያው 90 ቀንና ከዚያ በላይ የዘገየ ብድር እንደ ተበላሸ ይቆጠራል፤ ባንኮችም የተበዳሪዎቻቸውን ሁኔታ ብሔራዊ ባንክ ወደሚያስተዳድረው የብድር መረጃ ሥርዓት ይልካሉ፣ አዲስ ብድር ሲጠየቁም በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ፈልገው ያያሉ። ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ስለዘጋ መረጃው አይለወጥም፤ የሚያስተካክለው መረጃውን የላከው አበዳሪ ነው። ስለዚህ የመዝጊያ ትእዛዙን አያይዘው፣ መረጃው እንዲስተካከልና ከዕዳ ነጻ መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጥዎ ለባንኩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ በቀሪው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስመቱ። መልስ ካጡ በዚያው ቅጂ ለብሔራዊ ባንክ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። የሚጠብቁት ውጤት ብድሩ ተከፍሎ መዘጋቱ እንዲጻፍ ነው እንጂ ተበድረው እንደማያውቁ ሆኖ ሁሉም እንዲፋቅ አይደለም። የወፍጮውን ብድር የጠየቁት ባንክ መረጃውን እንደገና እስኪያይ ድረስ ማመልከቻዎን ቢያዘገዩ ይሻላል።

ለጉዳይ አስፈጻሚው 20,000 ብር አይስጡ። መረጃውን ለመለወጥ ሥልጣን የለውም፤ ለውስጥ ሰው እሰጣለሁ ካለም እርስዎን ወንጀል ውስጥ እያስገባዎት ነው።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ «በአንድነትና በነጠላ» ተብሎ ስለተፈረደ ባንኩ ሙሉውን ከእርስዎ መጠየቁ መብቱ ነው፤ እርስዎም ከድርሻዎ በላይ የከፈሉትን ከወንድምዎ የመጠየቅ መብት አለዎት። ወንድምን መክሰስ እንደሚከብድዎት እንረዳለን፤ አስቀድመው በሽማግሌ ያነጋግሩት። ከተስማማ ግን በምን ጊዜ ስንት እንደሚከፍል በጽሑፍ ይሁን፣ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙበት። የ2010 ዓ.ም. ደረሰኝዎን ጨምሮ የከፈሉባቸው ሰነዶች ሁሉ ዋናዎቹ በእርስዎ እጅ ይቆዩ፤ ለባንክም ሆነ ለችሎት የሚሰጡት ቅጂውን ነው።