ታይዋን ላይ አዲስ የመሬት ትል አገኘሁ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ናንቱ አውራጃ ካለ ተራራ ላይ የቆፈርሽው ትል ከመለያ ሰንጠረዡ ጋር አልገጥም ብሎሻል። ከፍተሽ ስታዪው ደግሞ ስፐርማቴካ፣ ማለትም ከሌላ ትል የተቀበለውን ዘር የሚያኖርበት ከረጢት፣ የለውም። «አዲስ ዝርያ ነው ብዬ ስም ላውጣለት?» ነው ጥያቄሽ። እኔም እዚያው ደሴት ላይ፣ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ሁለት ዓመት ሙሉ ተንከራትቻለሁ። አንቺ እንዳትደግሚው ብዬ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ።

1. ስሙን ለጊዜው ተይው። ከረጢቱ ስለሌለ ብቻ አዲስ አይሆንም። አሚንታስ በሚባለው የትል ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) ውስጥ፣ ያለ ተራክቦ የሚራቡ ትሎች ብዙ ናቸው። ከሌላ ትል ዘር መቀበል ስለማያስፈልጋቸው የዘር መቀበያው ይጠፋል። አንዱ አራት ጥንድ ይኖረዋል፤ አጠገቡ የተቆፈረው ሁለት፤ ሌላው ምንም። 18ኛው ቀለበት ላይ ያለው የወንዴ ቀዳዳ እንኳ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። አሚንታስ ኮርቲሲስ የሚባለው ዝርያ በዚህ የታወቀ ነው። ከሰው ጋር በአፈርና በችግኝ እየተጓዘ ብዙ አገር የደረሰ ትል ነው። እኔን ያሳሳተኝም እሱ ነው።

2. ፎርማሊን። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

በመጀመሪያው ክረምት 11 ትል ሰበሰብኩ። ሁሉም መቀነታቸው (ሲጎለምሱ ገላቸውን የሚከበው ወፍራም ቀለበት) የወጣ፣ ለአቅመ መራባት የደረሱ። ደስታዬን አትጠይቂኝ። የድሮ ጽሑፎች ላይ እንዳነበብኩት አንድም ሳላስቀር ፎርማሊን ውስጥ ከተትኳቸው። እውነት ነው፣ ፎርማሊን ገላውን ያጠነክራል፤ ለመክፈትም ለመሳልም ይመቻል። ጽሑፉን ጨርሼ ለሳይንስ መጽሔት ላክሁ። ገምጋሚው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ኮርቲሲስ አለመሆኑን በምን አረጋገጥክ?» መልሱ ያለው ዝርያን ከዝርያ ለመለየት የሚነበበው፣ ሲኦአይ (COI) የሚባለው ጂን ላይ ነበር። ፎርማሊን ግን ዲኤንኤውን ከፕሮቲን ጋር ያጣብቀዋል፤ ይሰባብረዋል። አራት ጊዜ ሞከርኩ። አራቱንም ጊዜ ባዶ ወጣ። የአንድ ክረምት ልፋቴን ውሃ በላው።

«ተመልሰህ ቆፍር» ይባላል በቀላሉ። ፈቃዴ ጊዜው አልፎበታል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ወረቀቴን እንኳ ሳይገልጠው መለሰልኝ። በቻይንኛ ጻፍ አለ። በቻይንኛ ይዤ ስመጣ ማኅተሙ የክፍሉ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው መሆን አለበት አለ። ሁለቱንም መጀመሪያውኑ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። ስለ ትል ነው የመጣሁት ስለው ሲስቅብኝ አንጀቴ አረረ። አሁንም አልረሳሁትም። ያም ሆኖ ያለ ፈቃድ አትቆፍሪ። በተለይ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ። ቦታውን ጽሑፍሽ ላይ መጻፍሽ ስለማይቀር የምትደብቂው ነገር አይደለም።

ፈቃዱ ሲወጣ አውሎ ነፋሱ የተራራውን መንገድ ቆርጦት ነበር። ሌላ ወር ጠበቅሁ። እንደምንም ደረስኩ፤ 9 ትል አገኘሁ። በዚህኛው ጊዜ መጀመሪያ ውሃ በበዛበት አልኮል ውስጥ አደነዘዝኳቸው፤ እንዲህ ሲሆን ሳይኮማተሩ ቀጥ ብለው ይሞታሉ። ከዚያ ከእያንዳንዱ የጭራውን ጫፍ ትንሽ ቆርጬ በንጹህ ኤታኖል ለብቻው አስቀመጥኩ። ከጭራው ጠርሙስና ከገላው ጠርሙስ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር። ኤታኖሉን በማግሥቱ መቀየር አለብሽ፤ የትሉ ውሃ ያቀጥነዋል። ገላው ከዚያ በኋላ ፎርማሊን ቢገባም ግድ የለም።

የዲኤንኤው ውጤት ሲመጣ ቁጭ አልኩ። 7ቱ ኮርቲሲስ ናቸው። «አዲስ» ብዬ ስም ያዘጋጀሁለት፣ ከረጢት የሌለው ትል፣ እሱ ነበር። ሁለቱ ግን ከኮርቲሲስም፣ ካነጻጸርኳቸው ከሌሎቹም በሩቁ ተለዩ። እነሱ ከረጢት አላቸው። መጀመሪያ ሳያቸው የተለመደ ትል ነው ብዬ ወደ ጎን ያልኳቸው ዓይነት ናቸው። ከፎርማሊኑ 11 ውስጥ ስንቱ የእነሱ ወገን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም።

በሁለት ናሙና አልተማመንኩም። ለሦስተኛ ጊዜ ወጥቼ ጨመርኩ። ዛሬ ያ ትል ስም አለው፤ ሆሎታይፑ፣ ማለትም ስሙ የተሰጠበት ዋናው ናሙና፣ ታይቹንግ ከተማ በሚገኘው የተፈጥሮ ሳይንስ ሙዚየም ተቀምጧል። መለያ ቁጥሩን ሳየው አሁንም ደረቴ ይነፋል።

3. የድሮ ስሞችን ሳትፈትሺ እንዳትልኪ። ሲምስና ኢስተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1972 እስኪከፋፍሉት ድረስ አሚንታስም፣ ዘመዱ የሆነው ጂነስ ሜታፊሬም ፌሬቲማ በሚባል አንድ ስም ነበር የሚጻፉት። የሀምቡርጉ የትል ተመራማሪ ሚካኤልሰን በ1922 ፎርሞሴ ብሎ የሰየመውን የታይዋን ትል በዛሬ ስሙ ብቻ ብትፈልጊው የድሮው ጽሑፍ ያመልጥሻል። ጽሑፍሽ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ዙባንክ በሚባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ ላይ አስቀድመሽ አስመዝግቢ፤ አለዚያ ስሙ አይጸናም።

ተስፋ ግን አትቁረጪ። 36,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ደሴት ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆኑ ከ200 የሚበልጡ ተራሮች አሉ። ትል በራሱ ሩቅ አይሄድም። ጋራውና ወንዙ ይለያየዋል፤ በየሸለቆው ለብቻው ይለወጣል። ያንቺም አዲስ ሊሆን ይችላል። ከጎኑ የተቆፈሩትን፣ ከረጢት ያላቸውን «ተራ» ትሎች ጥለሻቸው ከሆነ ግን ዛሬውኑ ፈልጊያቸው።

አሁን ሁለት ነገር ጻፊልኝ። መቀነት ያወጡ ስንት አሉሽ? የተቀመጡትስ በምን ውስጥ ነው? ፎርማሊን ውስጥ ገና ካልገቡ ጭራቸውን ዛሬ ማታ ቁረጪ፤ ሌላውን ነገ እናወራለን።