የገመድ አልባ ኔትወርክና የከተማ አገልግሎት ዕቅድ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሞገድ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የገመድ አልባ ኔትወርክ መለካትና ማቀድ ነው፤ በተለይ ለውሃ ቆጣሪ፣ ለመንገድ መብራት፣ ለአምቡላንስ ጥሪና ለመሳሰሉት። ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። አንድ ነገር ከወዲሁ፦ ስለ ሲግናል ስትጠይቁ መሣሪያው የት እንደሚቀመጥ ንገሩኝ። እሱ ከሌለ መልስ የለኝም።

ጀማሪ፦ የትኛው ኔትወርክ ይሻላል?

ሞገድ፦ ለምን ሥራ? የት ለሚቀመጥ? በቀን ስንት ጊዜ ለሚልክ መሣሪያ? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

ቆጣሪ፦ ጉድጓድ ውስጥ፣ የብረት ክዳን ሥር ባሉ የውሃ ቆጣሪዎች ላይ ሰንሰር እየገጠምን ነው። ከሶፍትዌር ያወጣነው የሽፋን ካርታ ከተማውን በሙሉ አረንጓዴ ያሳያል። ከተገጠሙት ግን ብዙዎቹ አይሰሙም፤ መልእክታቸው አይደርሰንም። ችግሩ ካርታው ነው ወይስ ገጠማው?

ሞገድ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ ማለት። ካርታው ስለ እናንተ ቆጣሪ ምንም አልተናገረም። ብዙ ሶፍትዌር ከሥር የሚጠቀመው ሲግናል በርቀት ምን ያህል እንደሚዳከም የሚገምተውን የኦኩሙራ-ሃታን ቀመር ወይም ዘመዶቹን ነው። ኦኩሙራ ቶኪዮና አካባቢዋን ለክቶ ውጤቱን በ1968 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ሃታ በ1980 ወደ ቀመር ቀየረው። ቀመሩ የሚሠራው ከ150 እስከ 1500 ሜጋ ኸርዝ፣ ከ1 እስከ 20 ኪሎ ሜትር፣ ተቀባዩም ከመሬት ከ1 እስከ 10 ሜትር ከፍ ሲል ነው። የእናንተ ቆጣሪ ያለው ከመሬት በታች ነው፤ ያውም የብረት ክዳን ተደፍቶበት።

ሌላም አለ። ቀመሩ የሚሰጠው መካከለኛውን ዋጋ ነው። በተመሳሳይ ርቀት ካሉ ቦታዎች ግማሾቹ ከዚያ በታች ናቸው። ከተማ ውስጥ ሕንፃው፣ ዛፉና አጥሩ የሚያመጡት መዋዠቅ ብዙ ጊዜ ወደ 8 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የሲግናል ልዩነት መለኪያ) ይጠጋል። በዚያ ርቀት ካሉት ቦታዎች 95 በመቶውን ለመድረስ 13 ዲቢ ያህል መጠባበቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ካልያዛችሁ፣ አረንጓዴው ጠርዝ ላይ ያለ ቆጣሪ የመሰማት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ሂዱ። መሣሪያውን በሚገጠምበት ቦታና በሚገጠምበት አቅጣጫ አስቀምጡት። ክዳኑን ዝጉ። መለካት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ባለሙያው መለኪያውን በደረቱ ከፍታ ይዞ ያገኘው ቁጥር ለምንም አይሆንም። ዝናብ ዘንቦ ጉድጓዱ ውሃ ሲይዝ እንደገና ለኩ። ክዳኑ ላይ መኪና የሚቆም ከሆነ መኪናው ቆሞ ሳለ ለኩ። አንቴናውን ከክዳኑ በላይ ማውጣት፣ ወይም ጭነት የሚችል የፕላስቲክ ክዳን ማድረግ፣ ሌላ ጌትዌይ (የሰንሰሮቹን መልእክት የሚቀበል ጣቢያ) ከመትከል በፊት መታየት አለበት።

ኮድ ጸሐፊ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሎራ፣ የራስህን ጌትዌይ ሰቅለህ የምትሠራበት የሰንሰር ሬዲዮ፣ 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ረጅም ሕንፃ ላይ አንድ ጌትዌይ ስቀል፣ አለቀ።

ሰባተኛ ፎቅ፦ አይ ወንድሜ፣ እሱ ሜዳ ላይ ነው። ኤንቢ-አይኦቲ፣ በሞባይል ኦፕሬተር ማማ የሚሠራው የሰንሰር ኔትወርክ፣ የተሠራው ለዚሁ ነው። እስከ 164 ዲቢ የሚደርስ የሲግናል መዳከም ይችላል።

ኮድ ጸሐፊ፦ ወርሃዊ ክፍያውን ማን ይችላል? ኦፕሬተሩ አገልግሎቱን የዘጋ ዕለትስ? ሎራ የራስህ ነው።

ሰባተኛ ፎቅ፦ የራስህ ጌትዌይ ሌሊት ሲበላሽ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ማን ነው?

ኮድ ጸሐፊ፦ እኔ ወይም የቀጠርኩት ሰው። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ያንተ ሲበላሽ ግን ስልክ ይዘህ ወረፋ ትጠብቃለህ።

ሞገድ፦ ረጋ በሉ። ሁለታችሁም የአየር ሰዓቱን ረስታችኋል። በሎራዋን (በሎራ ሬዲዮ ላይ በሚሠራው የኔትወርክ ሥርዓት) 12 ባይት መረጃ በስፕሬዲንግ ፋክተር 7 ሲላክ አየር ላይ የሚቆየው 0.06 ሰከንድ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ከፍ ሲል መልእክቱ ሩቅ ይደርሳል፣ ግን ቀስ ብሎ ይላካል። በ12 ሲላክ 1.5 ሰከንድ ይጠጋል። 24 እጥፍ ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ በ868 ሜጋ ኸርዝ፣ የ1 በመቶ ገደብ ባለበት ባንድ፣ አንድ መሣሪያ በሰዓት 36 ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። በ12 ከሆነ 24 መልእክት ይላክበታል።

ዋናው ሥጋት ግን ግጭቱ ነው። አብዛኞቹ የሎራዋን መሣሪያዎች ተራ ሳይጠብቁ ይልካሉ። ይህ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሃዋይ ላይ የሠሩት የአሎሃ ዘዴ ነው። የንጹሕ አሎሃ ጣሪያ 18.4 በመቶ ነው፤ ከቻናሉ ጊዜ ከዚያ በላይ ለተሳካ መልእክት አይውልም። አንድ ጌትዌይ ብቻ ከሰቀላችሁ ሩቅ ያሉት ሁሉ ወደ 12 ይወጣሉ፤ አየሩንም ያጨናንቁታል። ስለዚህ ጌትዌይ ሲጨመር ሽፋን ብቻ አይደለም የሚጨመረው። መሣሪያዎቹ ወደ 7 ይወርዳሉ፣ ግጭቱ ይቀንሳል፣ ባትሪውም ይረዝማል። የሎራና የኤንቢ-አይኦቲ ክርክር እዚህ ላይ ይብቃ።

ፕላነሯ፦ እኔ የከተማ ፕላን ባለሙያ ነኝ። የአምቡላንስ ጣቢያ የት ይሁን ብለን የምንሠራበትን ዘዴ ለጌትዌይም ልንጠቀምበት እንችላለን?

ሞገድ፦ እህቴ፣ ቀኑን ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይሄ ነው። አዎ፣ ትችላላችሁ። ተመራማሪዎቹ ቸርችና ሬቬል በ1974 ያቀረቡት ዘዴ ጥያቄው ቀላል ነው፦ የጣቢያው ቁጥር ከተወሰነ፣ የት የት ብናስቀምጣቸው ብዙ ሰው ይሸፈናል? በጣቢያ ፋንታ ጌትዌይ፣ በነዋሪ ፋንታ ሰንሰር አስገቢ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ዘዴው አንድ ቦታ ወይ ተሸፍኗል ወይ አልተሸፈነም ይላል። ሲግናል እንዲህ አይደለም፣ አምቡላንስም እንዲህ አይደለም። አምቡላንሱ ሌላ ጥሪ ላይ ሊሆን ይችላል። ሌላው ተመራማሪ ዳስኪን በ1983 ይህን አይቶ ሽፋኑን በዕድል አሰላው። ለኛም የሚሆነው የእሱ መንገድ ነው። አንድ ቆጣሪ በአንድ ጌትዌይ የመሰማት ዕድሉ 80 በመቶ ከሆነ፣ በሁለት ጌትዌይ 96 በመቶ ይወጣል።

ይህ 96 ግን የሚመጣው ሁለቱ መንገዶች የማይነካኩ ሲሆኑ ነው። ሲግናሉን የሚያዳክመው ቆጣሪው ላይ ያለው ክዳን ከሆነ ሁለቱም ጌትዌዮች እኩል ይጎዳሉ። ሒሳቡ 96 ቢልም ሜዳው ላይ የምታገኙት ከዚያ ያነሰ ነው። ሦስተኛ ብትጨምሩም ያው። ለዚህ ነው መጀመሪያ መሣሪያው ባለበት ለኩ የምለው።

ዘጠና አምስት፦ ሲግናላችን −95 ዲቢኤም ነው። ይበቃል?

ሞገድ፦ የት ተቀምጦ? ክዳኑ ተዘግቶ ነው ተከፍቶ? ጥንካሬው ብቻ አይበቃም፤ ከጩኸቱና ከኢንተርፈረንሱ (ከሌሎች ሬዲዮዎች ጣልቃ ገብነት) በምን ያህል ይበልጣል? ከላይ ያለውን አንብቡና ተመለሱ።

እናት፦ የ5ጂ ጨረር ለልጆች ጉዳት አለው?

ሞገድ፦ ከሙያዬ ውጪ ነው። የጨረር ጤና ባለሙያ ይጠየቅ።

ዳታ፦ የሞባይል መረጃ ሰብስበን፣ ሰው የሚበዛበትን አይተን ጤና ጣቢያና የአውቶቡስ ፌርማታ ብናቅድስ?

ሞገድ፦ ስልክ የሌለው ሰው እዚያ ካርታ ላይ የለም። ኔትወርክ የሌለበት ሰፈርም ባዶ ሆኖ ይታያል። ቦስተን ስትሪት በምፕ የሚባል አፕ ነበራት፤ መኪና ጉድጓድ ሲመታ ስልኩ መንቀጥቀጡን አውቆ ይመዘግባል። ችግሩ፣ ስማርት ስልክ የበዛው ሀብት ባለበት ሰፈር ነው። እንዳለ ቢወሰድ ጥገናው ወደዚያው ባዘነበለ ነበር። የምታቅዱት ጤና ጣቢያ በጣም የሚያስፈልጋቸው አዛውንትና ድሃ ቤተሰብ ከሆኑ፣ በእግር ሄዳችሁ ቁጠሩ።

ሰባተኛ ፎቅ፦ ቆጠራ ግን ዓመት ይፈጃል። የስልኩ መረጃ ዛሬ አለ።

ዳታ፦ እኔም ያልኩት እሱን ነው፤ ከምንም ይሻላል።

ሞገድ፦ ከምንም አይሻልም፣ የሌለውን ሰው እንደሌለ ካስቆጠረ። ሁለቱን አጣምሩ። የስልኩ መረጃ ዝም ያለበትን ሰፈር አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

ሲረን፦ አምቡላንሶቻችን ላይ ታብሌት አለ። የመልእክት መዘግየቱ በአማካይ 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። አስተማማኝ ነው ብለን እንለፍ?

ሞገድ፦ አማካይ አትስጡኝ! ከሺህ መልእክት መጨረሻ የሚደርሱት አሥሩ ስንት ሰከንድ ፈጁ? ስንቱስ ጭራሽ አልደረሱም? 99.9 በመቶ የሚሠራ ኔትወርክ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይጠፋል። 99.999 ሲሆን 5 ደቂቃ ገደማ። ደግሞ የሚጠፋው ዝም ብሎ በማንኛውም ሰዓት አይደለም። ጎርፍ ሲመጣ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ሕዝብ ሁሉ በአንዴ ሲደውል ነው። አምቡላንሱም የሚፈለገው ያኔ ነው። ለእናንተ ቅድሚያ የሚሰጥ አሠራር መኖሩን ጠይቁ፣ ማማዎቹ ባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚይዙ ጠይቁ፣ ሬዲዮኑንም አትጣሉ።

ጀማሪ፦ እሺ፣ ለቆሻሻ ገንዳ ነው። መንገድ ዳር፣ በቀን አራት ጊዜ የሚልክ። የትኛው ይሻላል?

ሞገድ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ጥቂት ባይት ነው። የብረት ገንዳ ከሆነ አንቴናው ውጪ ይሁን። ከተማው የሚጠግን ሰው ካለው ሎራዋን፣ ከሌለው ኤንቢ-አይኦቲ።

ቆጣሪ፦ ነገ ክዳኑን ዘግተን እንለካለን። በአንድ ጉድጓድ 20 መልእክት ብንልክ ይበቃል?

ሞገድ፦ አይበቃም። እውነተኛው የመሰማት ዕድል 95 በመቶ ቢሆን፣ በ20 መልእክት ግምታችሁ ወደ 10 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። 400 ከላካችሁ ስህተቱ ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። በአንድ ሰዓት አትጨርሱት፤ ሌሊቱም፣ መኪና የሚቆምበት ሰዓትም ይግባበት።