መልስ፦ ለአራተኛ ክፍል የሚወዳደሩ ሁለት የጨዋታ ግጥሞች

መምህር፣ ለአራተኛ ክፍል ልጆች የትኞቹን ሁለት የጨዋታ ግጥሞች ልስጣቸው ብለው ጠይቀዋል፤ ልጆቹ አወዳድረው አንዱን እንዲመርጡ ከሆነ እኔ «እቴሜቴ የሎሚ ሽታ»ን እና የቡሄውን ሆያ ሆዬ እሰጣቸው ነበር። ሁለቱንም ከሰፈር ያውቋቸዋል።

መጀመሪያ አያንብቡላቸው፤ ይጫወቱት። እቴሜቴ ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ እያጨበጨቡ ነው፣ ሆያ ሆዬ ደግሞ አውራጅና ተቀባይ ይፈልጋል። ከዚያ ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፤ ለምሳሌ ከሆያ ሆዬ ይህን፦

እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል
አጋፋሪ ይደግሳል
ያችን ድግስ ውጬ ውጬ
ከድንክ አልጋ ተገልብጬ

ቤት የሚመቱትን ቃላት ያስምሩ፦ ይጨሳል ከይደግሳል፣ ውጬ ከተገልብጬ። «አጋፋሪ ማነው?» ማለታቸው አይቀርም፤ የድግስ አስተናባሪ ይበሏቸው።

ሲመርጡ «ደስ ስለሚል» የሚለውን መልስ አይቀበሉ። የትኛው ስንኝ አሳቀህ ብለው ይጠይቁ። እኔን ካሉኝ፣ ጠግቦ ከድንክ አልጋ የተገለበጠውን የሚያህል የለም።